ከጅማ ለፌዴራል ፖሊስ ለማመልከት፦ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የሚጠናቀቁ ዝግጅቶች

የአዌቱ ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፌዴራል ፖሊስ ለመግባት የሚያስቡ የጅማና የአካባቢዋ ልጆች ዝርዝር መረጃ አንድ ቦታ ላይ እንዲያገኙ ብዬ ነው ይህን ክር የከፈትኩት። ጉዳዩን የምታውቁ ጨምሩበት፤ የተሳሳተ ካለም አርሙ።

ዋናው ሐሳቤ ይህ ነው፦ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ መዘጋጀት የጀመረ ሰው ዘግይቷል። የምዝገባው ጊዜ አጭር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ከቀበሌ መሸኛ፣ ከትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት፣ ከወሳኝ ኩነት የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት የሚሯሯጥ ሰው አንዱ ጋ ኃላፊው መስክ ወጥቷል፣ ሌላው ጋ መብራት ጠፍቷል ሲባል ቀኑ ያልፍበታል። ሰነዱም፣ ጤናውም፣ የአካል ብቃቱም ማስታወቂያ ሳይጠበቅ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው።

መጀመሪያ የት እንደምታመለክቱ ይለይ። የፌዴራል ፖሊስን የሚያቋቁመውና የሚያስተዳድረው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(6) መሠረት የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የክልል ፖሊስ ደግሞ በአንቀጽ 52 መሠረት የክልሉ ነው። ስለዚህ ኦሮሚያ ፖሊስ መግባትና ፌዴራል ፖሊስ መግባት ሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች ናቸው፤ አንዱ ጋ የተመዘገበ ሌላው ጋ ተመዘገበ ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 720/2004 እንደገና የተቋቋመው የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ሥራው መላ ሀገሪቱን ያካልላል፦ የድንበር አካባቢ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የፌዴራል ተቋማት ጥበቃ፣ የወንጀል ምርመራ። ቤተሰቡ አጠገብ ሆኖ ማገልገል የሚፈልግ ለክልል ፖሊስ ቢያመልክት ይሻለዋል። ይህን ሳይወስኑ ገብተው ምድብ ሲወጣ የሚያዝኑ ልጆች ነገር ያሳስበኛል።

ዕድሜ፣ ቁመትና የትምህርት ደረጃ ከማስታወቂያ ማስታወቂያ ይለያያሉ። ባለፈው ጊዜ በወጣው ተመሥርቶ "እኔን አይቀበሉኝም" ብሎ መቅረትም፣ ቁጥሩን ሳያነቡ መሄድም ልክ አይደለም። ማስታወቂያው ሲወጣ ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ፤ "ያላገባ"፣ "ከዚህ በፊት በፖሊስ ወይም በመከላከያ ሠርቶ ያልለቀቀ"፣ "ተያዥ ማቅረብ የሚችል" የሚሉት እዚያ ታች ነው የሚገኙት።

ሰነድ አጣሪ፦
የአዌቱ ዳር ጥሩ ጀምረሃል። እኔ የሰነዱን ክፍል ልያዘው፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከሱ በኋላ ነው።

አመልካች ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው በሁሉም ወረቀቶች ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑ ነው፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። በእኛ አካባቢ ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። የቀበሌ መታወቂያ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይመጣል። ጥላሁን የሚለው ስም መታወቂያው ላይ በ"ኤክስ" ይጀምራል፣ ሰርተፊኬቱ ላይ በ"ቲ"። ጫላ በቁቤ "ሲ" ብቻ ሆኖ አናባቢው ይደረባል፤ ሰርተፊኬቱ ላይ "ሲ ኤች" ሆኖ አናባቢው ነጠላ ነው። ጅማ ላይ ያለ መዝጋቢ አይቶ ይረዳዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ዝርዝሩን ኮምፒውተር ላይ የሚያመሳስል ሰው ግን ሁለት ሰው አድርጎ ሊያየው ይችላል።

መፍትሔው ለማስተካከል የሚቀለውን ወረቀት ወደማይቀለው ማምጣት ነው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ ያለን ስም ትምህርት ቤታችሁ ሊለውጠው አይችልም፤ እሱ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ጉዳይ ስለሆነ ረጅም መንገድ ነው። የቀበሌ መታወቂያና ፋይዳ ግን እዚሁ ይስተካከላሉ። ስለዚህ ሰርተፊኬቱን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱ፣ አጻጻፉን በሱ ልክ አስተካክሉ፣ ከዚያ ፋይዳን አሳድሱ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ ፋይዳ የሚታረመው በምታቀርቡት ማስረጃ ነውና መታወቂያው ቀድሞ መታረም አለበት። የአባት ስም ጭራሽ የተለያየ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ ላይ የአሳዳጊ ስም ከተጻፈ፣ ቀበሌ አይፈታውም፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ውሳኔ ማውጣት ነው። ይህ ቀጠሮ ስላለው ከወራት በፊት ይጀመር።

በምንም ምክንያት ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ወይም በማጥፊያ እንዳትነኩ። አንድ ፊደል ብትሆንም ሰነዱ ውድቅ ይሆናል፤ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ደግሞ በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል።

የጅሬን ልጅ፦
የልደት ቀንስ? መታወቂያዬ ላይና ፋይዳ ላይ የአንድ ዓመት ልዩነት አለ።

ሰነድ አጣሪ፦
የጅሬን ልጅ፣ ወንድሜ፣ ይህ ሁልጊዜ የሚመጣው ከዘመን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው ወደ ፈረንጅ ሲቀየር 7 ይደመርለታል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የተወለደ ደግሞ 8። ግንቦት 12 ቀን 1997 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ግንቦት፣ ማለትም በ"ሜይ" ወር 20 ቀን 2005 ነው። 7 ብቻ የደመረ ጸሐፊ 2004 ብሎ ይጽፈዋል፣ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ታረጃለህ። የዕድሜ ጣሪያው አካባቢ ላለ ሰው ያቺ አንድ ዓመት ታስወጣለች። በተገላቢጦሹ 18 ያልሞላው ሆኖ የሚቀርም አለ። የልደት ምስክር ወረቀትህን መሠረት አድርገህ አሁኑኑ አስተካክል።

ዕድሜ ለማስቀነስ የሚሞክሩ ደግሞ ልብ ይበሉ። የትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት ላይ ዕድሜ ይጻፋል። መታወቂያ ላይ 3 ዓመት የቀነሰ ሰው ትራንስክሪፕቱ ሲነበብ በ4 ዓመቱ አንደኛ ክፍል ገባ ማለት ይሆናል።

አጋሮ ማዶ፦
10ኛ ክፍል ያጠናቀቀ የሚል ማስታወቂያ ላይ የ10ኛ ክፍል ሰርተፊኬት አምጡ የሚሉ አሉ። 2012 ላይ 10ኛ የጨረሰ ልጅ ምን ያቅርብ?

ሰነድ አጣሪ፦
የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ነው። ከዚያ በኋላ የጨረሰ ሰው ያ ሰርተፊኬት የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም። የሚያቀርበው የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተም፣ የርእሰ መምህሩ ፊርማ፣ ፎቶው ላይ ያረፈ ክብ ማኅተም ይኑረው። 11ኛና 12ኛ የቀጠለ ከሆነ የአራቱንም ዓመት ያምጣ። ፎቶው ላይ ማኅተም ሳይደረግ የሚሰጥ ትራንስክሪፕት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ከቢሮው ሳትወጡ ገልብጣችሁ እዩት።

ሌላው ጥቃቅን ነገር፦ ጉርድ ፎቶ ቢያንስ 6 አሠሩ፣ ሁሉም በአንድ ቀን የተነሣ፣ ጆሮ የሚታይበት። ከእያንዳንዱ ሰነድ 3 ኮፒ። ኮፒው ላይ የማኅተሙ ጽሑፍ የማይነበብ ከሆነ እንደገና አስነሡት። ዋናዎቹን ፕላስቲክ ፎልደር ውስጥ አድርጉ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የጅማ ዝናብ ወረፋ ላይ የራሰ ወረቀት ቀለሙ ይፈስሳል። ላሚኔት ግን አታድርጉ፤ የተለበጠ ዋና ሰነድ ላይ ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን በእጅ ማጣራት አይቻልም።

የማና ልጅ፦
ነዋሪነቴ ማና ወረዳ ነው፣ ተከራይቼ የምኖረው ግን ጅማ ቆጪ። የት ልመዝገብ?

የአዌቱ ዳር፦
መታወቂያህ ባለበት ተመዝገብ። ምልመላው ለየአካባቢው በኮታ ሲደለደል የሚታየው ነዋሪነት ነው። መታወቂያውን ወደ ጅማ ከተማ ማዛወር ከፈለግህ ከማና መሸኛ አውጥተህ ቆጪ ታስገባለህ፤ ግን በምዝገባ ሰሞን አታድርገው። መሸኛ ያወጣና ገና ያላስገባ ሰው የየትም ነዋሪ ሳይሆን ይቀራል። በሁለት ቦታ መመዝገብ ደግሞ ከሁለቱም ያሰርዛል፤ የፋይዳ ቁጥር አንድ ስለሆነ ይታያል።

ነርስ ከመንደራ፦
የጤናውን እኔ ልጻፍ፤ ብዙ ወጣት ሊድን በሚችል ነገር ሲመለስ ማየት ያሳዝናል።

ከሁሉ በፊት ሊለወጡ የማይችሉትን እወቁ። የቀለም መለየት ችግር በአብዛኛው ከእናት የሚወረስ ነው፣ በመድኃኒትም በመነጽርም አይድንም፤ ወንዶች ላይ ይበዛል። ብዙዎች እስኪመረመሩ ድረስ እንዳለባቸው አያውቁም። ምርመራው ባለ ነጠብጣብ ሥዕል ውስጥ ያለን ቁጥር ማንበብ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ወራት ሙሉ ልምምድ ከመሥራታችሁ በፊት በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ዓይን ክፍል ታዩ። የዕይታ ጥራት በ6 ሜትር ርቀት በሰሌዳ ይለካል፤ አንድ ዓይን እየተሸፈነ። ሁለቱን ከፍቶ "ደህና አያለሁ" የሚል ሰው አንዱ ዓይኑ ደካማ መሆኑን ሳያውቅ ሊኖር ይችላል።

ቁመት በባዶ እግር ነው የሚለካው፤ ተረከዝ፣ መቀመጫና የትከሻ አጥንት ግድግዳ ነክቶ፣ ዓይን ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት እያየ። ጎፈሬ ፀጉር ተጭኖ ነው የሚለካው፤ ሴቶችም ከላይ የተቆለለ ሹሩባ አይጠቅማችሁም፣ እንዲያውም አስፈትቶ ወረፋ ያስታጉላል። ሰው ጠዋት ሲነሣ ከማታው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆሙና ሲሸከሙ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ይጨመቃል። ድንበር ላይ ያላችሁ በጠዋት ወረፋ ያዙ፣ ሌሊቱን ተኝታችሁ ሂዱ።

ክብደት ከቁመት ጋር ነው የሚታየው። በኪሎ ያለውን ክብደት በሜትር ያለው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ያካፍለዋል፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ ይባላል። 1.70 ሜትር ለሆነ ሰው ከ53.5 እስከ 72 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከታች ያላችሁ ከሆነ በሁለት ሳምንት አይሞላም፤ ሁለት ሦስት ወር ባቄላ፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አቮካዶ እየጨመራችሁ ነው። የማያቋርጥ ክብደት መቀነስ ከሳልና ከማታ ላብ ጋር ካለ ግን ምግብ መጨመሩን ትታችሁ የሳንባ ምርመራ አድርጉ።

የደም ግፊት በፍርሃት ብቻ ይጨምራል። ከመለካታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ተቀመጡ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይጠላለፍ፣ ክንድ በልብ ትይዩ። ሽንት ይዞ መለካት ይጨምረዋል። ከመለካቱ 30 ደቂቃ በፊት ቡና አይጠጣ፤ ጅማ ላይ ይህን መናገር ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ያቺን ጠዋት ተዉት።

የብሽሽት እበጥ፣ የዘር ፍሬ ውሃ መቋጠር፣ የቆየ የጆሮ መግል፦ እነዚህ የሚያስመልሱ ግን የሚታከሙ ናቸው። ሐኪሙ ቆማችሁ እንድትስሉ የሚያዛችሁ እበጡን ለማየት ነው። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ከተባላችሁ ማስታወቂያ ሳይወጣ ይሠራ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስም ፑሽ አፕና ከባድ ሸክም አይሞከር።

ቦሳ አዲስ፦
ስለ ጫት ማንም አላነሣም። ሁለት ቀን ቀድሞ ማቆም ይበቃል የሚሉ አሉ።

ነርስ ከመንደራ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ሁለት ቀን አይበቃም፤ ምክንያቱንም ላስረዳ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ሁለት ቀን ቀድሞ ያቆመ ሰው ፈተናው ላይ የሚደርሰው ልክ ድብርቱና እንቅልፋምነቱ በሚበረታበት ሰዓት ነው፤ ግፊቱ ቢወርድም ሩጫው ላይ እግሩ አይታዘዘውም። የተጎዳ እንቅልፍና የከሳ ሰውነት በሳምንታት ነው የሚመለሰው። ቢያንስ ሁለት ወር በሉ። ማስታወቂያው "ከሱስ ነፃ" የሚለው ለወረቀት ማሟያ አይደለም፤ ማሠልጠኛ ውስጥ ጫት የለም፣ ሲጋራ የለም፣ መጠጥ የለም። ምርመራውን አምልጦ የገባ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እዚያው ይታወቃል።

ኮች ሄርማታ፦
እህቴ የጻፈችውን ሁሉ እደግፋለሁ። ወደ ልምምዱ ልግባ።

የሚፈተነው ርቀትና ቁጥር በምልመላው መመሪያ ይወሰናል፤ ለዚያ የሚያበቃ መሠረት ግን አንድ ነው። መለኪያ አድርጋችሁ 2,400 ሜትር ያዙ፣ ማለትም በ400 ሜትር መም 6 ዙር። 12 ደቂቃ ማለት በዙር 2 ደቂቃ ነው። እኔ ወንዶች ጅማ ላይ 11 ደቂቃ እንዲደርሱ እመክራለሁ፣ በዙር 110 ሰከንድ። ምክንያቱ ከፍታ ነው፦ ጅማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ያለባት ሰንዳፋ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ የሚሮጥ ሰው አየሩ ስለሚሳሳ ሰዓቱ ይዘገያል፤ ጅማ ላይ በጭንቅ 12 የሚገባ እዚያ አይገባም። ሁለተኛ ነገር፣ በውስጠኛው መም ሩጡ። ወደ ውጭ በወጣችሁ ቁጥር በእያንዳንዱ መም ከ7 ሜትር በላይ ይጨመራል፣ ስለዚህ በስምንተኛው መም የሮጠ ሰው ሰዓቱን ከሌላው ጋር ማወዳደር አይችልም።

ሳምንቱን እንዲህ አድርጉት። አንድ ቀን ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ወሬ እያወሩ ሊሮጥ በሚቻል ፍጥነት። ሌላ ቀን 400 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን በ105 ሰከንድ ገደማ፣ በመሃል 2 ደቂቃ በእግር እየተራመዱ። ሦስተኛ ቀን 30 ደቂቃ ቀላል ሩጫ። በየሁለት ሳምንቱ ሦስተኛውን ቀን ትታችሁ 2,400ን በሰዓት ፈትሹ። 8 ሳምንት ያህል ስጡት። በየቀኑ የሚሮጥ ጀማሪ በሦስተኛው ሳምንት ቅልጥሙን ያመዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ በሕመም ይባክናል።

የት ይሮጥ ለሚለው፣ ኮብልስቶን ላይ አትሩጡ፤ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። ክረምት ላይ ቀዩ አፈር ሲጨቀይ ጫማው ኪሎ ይጨምራል፣ ብሽሽት ይሳባል። ወደ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣው ዳገት ለልብና ለጭን ጡንቻ በጣም ጥሩ ነው፤ ሽቅቡን ሩጡ፣ ቁልቁሉን ግን ተራመዱ። ቁልቁል መሮጥ ነው ጉልበት የሚያበላሸው።

ፑሽ አፕ ላይ የሚያስጥለው የጉልበት ማነስ ብቻ አይደለም፤ የማይቆጠር ፑሽ አፕ ነው። ደረት መሬት ላይ የተቀመጠ ጭብጥ እጅ እስኪነካ ይውረድ፣ ክንድ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ይውጣ፣ ወገብ አይሰርጉድ። ፈታኙ "አልተቆጠረም" ሲል አትከራከሩ፤ እሱን ስታስረዱ ጉልበታችሁ ያልቃል። መጀመሪያ በትክክል ስንት እንደምትሠሩ እዩ፤ 20 ከሆነ ግማሹን፣ 10ሩን፣ በ5 ዙር በሳምንት ሦስት ቀን ሥሩ። በየሁለት ሳምንቱ ጣሪያውን ለኩና ግማሹን አስተካክሉ። ሲት አፕ ላይም በአንገት አትሳቡ፣ ሆድ ይሥራ።

ሕግና ሥርዓት፦
የጽሑፍና የቃል ፈተናው ተረስቷል። ሰውነቱን አሠልጥኖ አእምሮውን ባዶ አድርጎ የሚመጣ ብዙ ነው፣ የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው፤ ፖሊስ በየቀኑ የሚሠራበት መሣሪያ ሕግ ነውና።

የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሦስት፣ ከአንቀጽ 13 እስከ 44፣ አንብቡ። ከዚያ ውስጥ ከ17 እስከ 21 ያሉትንና 26ን በቃል ሊባል በሚችል ደረጃ ያዙ። አንቀጽ 19(3) ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል ይላል፤ ብዙዎች እዚያ ላይ ያቆማሉ። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ በ48ቱ ውስጥ አይቆጠርም የሚለውን ጨምሩ፤ የገጠር ወረዳ ምሳሌ ሰጥቶ የሚጠይቅ ፈታኝ መልሱን የሚፈልገው እዚያ ነው። አንቀጽ 19(5) በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት የለውም ይላል። አንቀጽ 21(2) የተያዘ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በሕግ አማካሪው የመጎብኘት መብት ይሰጠዋል።

"ፌዴራል ፖሊስ የሚመረምረው ምን ዓይነት ወንጀል ነው" ለሚለው "ከባድ ወንጀል" የሚል መልስ ደካማ ነው። ነጥቡ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር የሚወድቅ መሆኑ ነው፤ ይህም አሁን በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ይታያል። በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱና በሀገር ደህንነት ላይ የሚፈጸሙ፣ ሐሰተኛ ገንዘብ፣ የበረራ ደህንነት እያላችሁ ምሳሌ ስጡ። አንድ ነፍስ ግድያ ከባድ ቢሆንም በራሱ የፌዴራል ጉዳይ አይደለም።

በአፋን ኦሮሞ የተማራችሁ ልጆች ሐሳቡን እያወቃችሁት በአማርኛ ስትጽፉ የሚያዳግታችሁ የሙያ ቃል ነው። ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽና ፍርደኛ ሦስት የተለያየ ደረጃ መሆናቸውን፣ ዋስትና፣ ብርበራ፣ ኤግዚቢት፣ የምርመራ መዝገብ የሚሉትን በዓረፍተ ነገር እየጻፋችሁ ተለማመዱ። ቅጹ ላይ ቋንቋ በሚለው ቦታ አፋን ኦሮሞን መጻፍም አትርሱ፤ ዳውሮኛ ወይም ካፊኛ የሚችልም ይጻፍ። ለምድብ ይጠቅማል።

ቂጦ ተመራቂ፦
በሕግ ዲግሪ አለኝ። እንደ ምልምል ልመዝገብ ወይስ ልጠብቅ?

ሕግና ሥርዓት፦
ወንድሜ፣ በምልምልነት ከገባህ የምትጀምረው ከኮንስታብል ነው። ከዚያ ረዳት ሳጅን፣ ምክትል ሳጅን፣ ሳጅን፣ ዋና ሳጅን ታልፎ ነው ረዳት ኢንስፔክተር የሚደረሰው። ዲግሪ ላላቸው ሰዎች በዕጩ መኮንንነት የሚወጣ ማስታወቂያ አለ፣ የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲም ሰንዳፋ ላይ ያሠለጥናል። ዲግሪህ እንዲታይልህ ከፈለግህ ያንን ጠብቅ። በምልምልነት ገብቼ ኋላ ዲግሪዬን አሳያለሁ የሚል እቅድ አይጠቅምህም፤ የምትቀጠረው ባመለከትክበት ደረጃ ነው፣ የተደበቀ ማስረጃም ጥያቄ ያስነሣል። ስትጠብቅ ጊዜያዊ ዲግሪህንና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕትህን አውጣ፤ የመውጫ ፈተና ውጤትህንም አዘጋጅ።

ለሕግ ምሩቅ ግን ሌላም በር አለ። በፍትሕ ሚኒስቴር ዐቃቤ ሕግነት በሲቪል ሆነህ ወንጀልን የምትከታተልበት ሥራ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ወደ ሚኒስቴር የተመለሰው ተቋም ማለት ነው። ጉምሩክ ኮሚሽንም ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው፣ የራሱን ማስታወቂያ ያወጣል። ማስረጃና ጽሑፍ የምትወድ ከሆነ ዐቃቤ ሕግነትን ብታስብ ይሻልሃል ባይ ነኝ፤ ማዕረግ፣ ሥነ ሥርዓትና የሜዳ ሥራ የሚስብህ ከሆነ ፖሊስ።

ሰነድ አጣሪ፦
በዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። ልጁ የዕድሜ ጣሪያው አጠገብ ከሆነ መጠበቅ አደጋ አለው፤ የዕጩ መኮንን ማስታወቂያ መቼ እንደሚወጣ ቀን የለውም። ዕድሜው ገና ከሆነ ይጠብቅ፣ ካልሆነ ሁለቱንም እያየ ቀድሞ የመጣውን ይያዝ።

ሕግና ሥርዓት፦
ልክ ነህ፣ ዕድሜውን መጠየቅ ነበረብን። የተባለው ይጨመር።

ሰርቦ፦
ከሁለት ዓመት በፊት በጠብ ተይዤ በነፃ ተለቅቄያለሁ። ቅጹ ላይ ልጻፈው?

ሕግና ሥርዓት፦
ቅጹ "ተከሰህ ወይም ተይዘህ ታውቃለህ" ብሎ ከጠየቀ በእውነት መልስ። "ተፈርዶብህ ያውቃል" ብቻ ካለ መልሱ አያውቅም ነው፤ ጥያቄውን ቃል በቃል አንብብ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ከሆነ የውሳኔውን ግልባጭ፣ ፖሊስ ላይ ካበቃ መዝገቡ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከያዘህ ጣቢያ አውጣ። የጀርባ ማጣራት ሲደረግ በየጣቢያውና በአሻራ ይታያል። በነፃ የተለቀቀ ሰው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ነገሩ ያልቃል፤ ደብቆ ሲገኝ ግን የሚታየው ጠቡ ሳይሆን ውሸቱ ነው።

የአዌቱ ዳር፦
ተያዥ ስለሚባለው ልጨምር። ቋሚ ሥራ ያለው ሰው ሆኖ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ማምጣት አለበት። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ይኑረው፣ ለማን እንደተጻፈም ይግለጽ፤ "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚል ደብዳቤ አንዳንዴ ይመለሳል። ከአሁኑ ሁለት ሰው ለምኑ፤ አንዱ መስክ ቢወጣ ሌላው አለ። ለተያዡም ምን እንደሚፈርም አስረዱት። ሥልጠናውን ወይም የግዴታ አገልግሎቱን አቋርጦ የጠፋ ሰው ያለበትን ዕዳ የሚጠየቀው እሱ ነው። የግዴታ አገልግሎቱ ስንት ዓመት እንደሆነ በውሉ ላይ ተጽፏል፣ ሳትፈርሙ አንብቡት።

ስለ ደላላ ደግሞ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ምዝገባ ክፍያ የለውም። "ስምህን ዝርዝር ውስጥ አስገባልሃለሁ" ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ማንንም የማያውቅ አጭበርባሪ ነው፣ ወይ ጉቦ ተቀባይ። በሁለተኛውም ቢሆን የሰጠው ሰው በአዋጅ ቁጥር 881/2007 አብሮ ይጠየቃል። ቡና የተሸጠበትን የቤተሰብ ገንዘብ ለዚህ አትስጡ። ማስታወቂያውን ከኮሚሽኑ የራሱ ገጽ፣ ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ ወይም ከዞንና ከከተማ ፖሊስ ማስታወቂያ ሰሌዳ አረጋግጡ። በቴሌግራም የሚዞር ፎቶ ላይ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ከሌለ፣ ወይም የግል ስልክ ቁጥር ካለበት፣ አትከተሉት።

ሊሙ ገነት፦
ለሴቶች የሚለይ ነገር አለ? እህቴ ልትመዘገብ ነው።

ነርስ ከመንደራ፦
የቁመት መስፈርቱ ለሴቶች ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ የአካል ብቃቱም እንዲሁ ይለያል። የእርግዝና ምርመራ አለ። ደም ማነስን ቀድማ ትመርመር፤ የወር አበባዋ የሚበዛ ከሆነ ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ሩጫ ላይ ቶሎ ትንፋሽ የሚያሳጥራት እሱ ሊሆን ይችላል። ከ12 በታች ከሆነ ሐኪም የአይረን ክኒን ያዝላታል፣ ተስተካክሎ ለመታየት ከአንድ ወር በላይ ይፈልጋል። ክኒኑን ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰድ፣ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክሉታል፤ ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር ይሻላል። ፑሽ አፕ ደግሞ በጉልበት ተንበርክካ ትጀምር፣ 15 በትክክል ስትሠራ ወደ ሙሉው ትለፍ።

አጋሮ ማዶ፦
ለፈተና አዲስ አበባ ወይም ሰንዳፋ የሚጠሩ ከሆነ ጉዞውን እንዴት?

ኮች ሄርማታ፦
ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በወልቂጤ በኩል። ሙሉ ቀን በሉት። ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መኪናው ላምበረት መናኸሪያ ይገኛል። ፈተናው ሰኞ ከሆነ ቅዳሜ ተነሡ፤ እሑድን ዕረፉ፣ 15 ደቂቃ ብቻ እግር አፍታቱ። ቀድሞ መሄድ የሚቻለው ሰው ሁለት ሳምንት ቢያገኝ ሰውነቱ ከፍታውን ይለምደዋል፤ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ዙር ጅማ ላይ ከሚሮጠው 5 ሰከንድ ያህል አዘግይቶ ይጀምር። ገና ሲነሣ የሚፈተለክ የቆላ ልጅ አራተኛው ዙር ላይ ነው የሚቆመው። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አትግዙ፣ ሦስት ሳምንት የተሮጠበት ይሁን። ጠዋት ከሩጫው ሁለት ሰዓት በፊት ሙዝና ዳቦ በቂ ነው።

የማና ልጅ፦
ካለፍን በኋላ ወደ ማሠልጠኛ ምን ይዘን እንሂድ?

የአዌቱ ዳር፦
የጥሪው ማስታወቂያ የሚዘረዝረውን ብቻ። ከዚያ ውጭ ዋና ሰነዶችህን ከማስረከብህ በፊት ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሣና ለቤተሰብ ላክ፣ አንድ ኮፒ ቤት ተው። የባንክ ደብተርህ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆኑን እይ፣ ደመወዝ የሚገባው በሱ ነው። የጡረታ መዋጮ ከደመወዝህ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ለፖሊስ መንግሥት 25 በመቶ ይጨምራል፤ እዚያም መዝገብ ላይ ስምህ በመጀመሪያ ቀን እንዴት እንደተጻፈ አረጋግጥ። የሚወሰድ መድኃኒት ካለህ የሐኪም ወረቀቱን ያዝ። ለእናትህም የምትደውልበት ስልክ ላይኖር የሚችልበት ጊዜ እንዳለ ከወዲሁ ንገራቸው።